ከ30 ዓመት በኋላ ለራስ ያለን ግምት ማስተካከል ይቻላል ወይ?

የጓሳዋ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ጥያቄ ለሚያውቀኝ ሰው አንስቼው አላውቅም። እዚህ ማንም ስለማያውቀኝ ልጠይቅ።

34 ዓመቴ ነው። መንዝ ተወልጄ አድጌ አሁን ደብረ ብርሃን አንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። ሥራዬን እችላለሁ። በጀት ሲዘጋ አልገጥም ያለ ሒሳብ ሁሉ የሚመጣው ወደ እኔ ጠረጴዛ ነው። ስብሰባ ላይ ግን ድምፄ አይወጣም። የማውቀውን ነገር ሌላ ሰው አዛብቶ ሲያስረዳ እየሰማሁ ዝም እላለሁ። አለቃዬ "ጎበዝ" ካለኝ "ኧረ እኔ ምን አደረግሁ፣ እነ እገሌ ናቸው የለፉት" እላለሁ። እነ እገሌ እጃቸውንም አላስገቡበትም።

አሁን የደረጃ እድገት ማስታወቂያ ወጥቷል። የትምህርት ደረጃውንም የሥራ ልምዱንም አሟላለሁ። ማመልከቻውን ጽፌ መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ። እጄን ልሰድ ስል "አንቺ ደግሞ ማን ነሽና?" የሚል ድምፅ ይመጣብኛል። የማን ድምፅ እንደሆነም አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ "እህትሽን አታዪም?" ሳልባል የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። እህቴ ቀልጣፋ ናት። እንግዳ ሲመጣ ቡና አፍልታ የምታጫውተው እሷ ናት። እኔ ጓዳ ነበርኩ።

ቪዲዮ ላይ አይቼ ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ "እኔ ብቁ ነኝ፣ እኔ ድንቅ ነኝ" ማለት ጀምሬ ነበር። ጭራሽ ባሰብኝ። ገና ሳልጨርሰው ውስጤ "ውሸት!" ይለኛል።

በዚህ ዕድሜ ይህ ነገር ይለወጣል? የሞከረ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ብርዱን የለመደ (ደብረ ብርሃን)

እህቴ፣ ማስታወቂያው መቼ ነው የሚያበቃው? መጀመሪያ ማመልከቻውን አስገቢ፣ ሌላው ይደርሳል። ቢበዛ "አላለፍሽም" ነው የሚሉሽ። መሳቢያ ውስጥ ከቀረም ያው አላለፍሽም።

ቀስተ ደመና (ደነባ)

እኔ ትንሽ ለየት ያለ ሐሳብ አለኝ። ይህ "ራስህን ውደድ፣ ራስህን አግንን" የሚባል ነገር ያስፈራኛል። እኛ ያደግነው ትሕትና ተምረን ነው። ራሱን ከፍ የሚያደርግ ይዋረዳል ተብሎ ተጽፏል። ዝምታሽ ከጨዋነትሽ የመጣ ሊሆን ይችላል እኮ። ጨዋነት ደግሞ በሽታ አይደለም። ጸልዪበት እህቴ።

ጡረተኛው መምህር (መሐል ሜዳ)

ቀስተ ደመና ያልሽው ስለገባኝ በአክብሮት ልመልስ። ያው መጽሐፍ "ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ" ይላል። ራሱን የናቀ ሰው ባልንጀራውን በምን መጠን ሊወድ ነው?

ዕድሜዬን በሙሉ ሒሳብ አስተምሬአለሁ። ከገጠር ስንቃቸውን ተሸክመው፣ ከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ነበሩን። ቅዳሜና እሑድ ወደ ቤታቸው ይሄዱና በሶና ቆሎ ይዘው በእግራቸው ይመለሳሉ። ክፍል ውስጥ ከኋላ ነው የሚቀመጡት። ከእነሱ መካከል አንድ ልጅ ነበር። ጥያቄ ስሰጥ ከሁሉ ቀድሞ ይሠራል፤ መልሱም ልክ ነው። ከዚያ አጠገቡ ያለው የከተማ ልጅ ሌላ መልስ መጻፉን ያያል። ያን ጊዜ ጣቱን በምራቁ አርሶ የራሱን ያጠፋል። ወረቀቱ እስኪበሳ ድረስ ነው የሚፈትገው። ይህን ልጅ "ትሑት" ልለው አልቻልኩም። ትሑት ሰው የሚያውቀውን ያውቃል፤ አይኩራራበትም፣ አይክደውምም። ልጁ ግን እውነቱን እያጠፋ ነበር።

ያደረግሁትን ልንገራችሁ። በክፍሉ ፊት አላሞገስኩትም። ቢሞገስ ያፍራል እንጂ አይለወጥም። ጠመኔ ሰጠሁትና "ሰሌዳው ላይ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ጻፍልኝ፣ ቀሪውን እኔ እጨርሰዋለሁ" አልኩት። በሚቀጥለው ጊዜ ሁለት መስመር። ዓመቱ ሳያልቅ ክፍሉ ሲያቅተው ወደ እሱ ዞሮ የሚጠይቅ ሆነ።

ልጄ የጓሳዋ፣ አንቺም አንድ መስመር ጀምሪ።

ጠባሴ ሰፈር (ደብረ ብርሃን)

ሳይኮሎጂ ተምሬ በማማከር ሥራ ላይ ነኝ። ትንሽ ረዘም አድርጌ ብጽፍ ይቅርታ፤ ጉዳዩ ስለሚመለከተኝ ነው።

የጓሳዋ፣ መስታወቱ ማባሱ የአንቺ ድክመት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ካናዳ ውስጥ ጆአን ውድ የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ይህንኑ ፈትሻዋለች። ሰዎች "እኔ የምወደድ ሰው ነኝ" የሚለውን ለራሳቸው እንዲደጋግሙ ተደረገ። ቀድሞውንም ለራሳቸው ጥሩ ግምት ያላቸው ሰዎች ትንሽ ደስ አላቸው። ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ግን ዓረፍተ ነገሩን ከደገሙት በኋላ የባሰ ስሜት ተሰማቸው። ልብ የማያምነውን ነገር ስንነግረው ይሟገተናል። "ድንቅ ነኝ" ስትዪ ውስጥሽ ድንቅ ያልሆንሽበትን ቀን ሁሉ አንድ በአንድ እየጎተተ ያመጣል።

ቀስተ ደመና ላነሳችው ደግሞ፣ በዚህ መስክ ብዙ የሚጠቀስ መጠይቅ አለ። ሞሪስ ሮዘንበርግ የሚባል አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመው ነው። 10 ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው ያለው። ከእነሱ አንዱ በግምት እንዲህ ይላል፦ "ቢያንስ ከሌሎች ሰዎች እኩል ዋጋ ያለኝ ሰው ነኝ።" እኩል! "እበልጣለሁ" የሚል የለበትም። ሮዘንበርግ ጤናማ ያለው ሰው ራሱን ከሰው በላይ የሚያስቀምጠውን አልነበረም። ጉድለቱን እያየም "ይህም ሆኖ ሰው ነኝ፣ እበቃለሁ" የሚለውን ነው። ይህ ከትሕትና ጋር የሚጣላ አይመስለኝም።

ስለ ዕድሜ ለጠየቅሽው፣ የብዙ አገር ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ትንተና እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቶ ነበር። በአማካይ ሰዎች ለራሳቸው ያላቸው ግምት ከወጣትነት አንሥቶ እስከ 60 ዓመት አካባቢ ቀስ እያለ ይጨምራል። አማካይ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው ቃል ኪዳን አይሆንም። ግን በ34 ዓመት በሩ ተዘግቷል የሚል ሰው ካለ ልክ አይደለም።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ጄኒፈር ክሮከር የምትባል ተመራማሪ ሰው ለራሱ ያለው ግምት በምን ላይ እንደሚንጠለጠል ብዙ አጥንታለች። አንዳንዱ በመልኩ፣ አንዳንዱ በውጤቱ፣ ሌላው በቤተሰቡ ፍቅር፣ በሥነ ምግባሩ፣ በፈጣሪው ፍቅር ላይ ያንጠለጥለዋል። በሰው አፍ ላይ የተንጠለጠለ ግን ቀኑን ሙሉ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። የአንቺ ምን ላይ ነው? ተቀምጠሽ አስቢበት። መልስሽን እዚህ መጻፍ የለብሽም።

ሮቢት ቆላ (ሸዋ ሮቢት)

ይህን ጥያቄ እኔ ልመልሰው። የእኔ ሱቄ ላይ ነበር።

ሱቅ ነበረኝ፣ ጥሩ ይሠራል። በገበያ ሳልፍ "ጋሼ፣ ጋሼ" የማይለኝ አልነበረም። ከዚያ ጊዜው ከፋና ተዘጋ። ዕዳም ነበረብኝ። ያን ጊዜ ነው ሰውነቴ ሁሉ ሱቁ ውስጥ እንደነበረ የገባኝ። ዋናውን መንገድ ትቼ በውስጥ ለውስጥ መሄድ ጀመርኩ። ዕድር ቀረሁ። ለቅሶ እንኳ ሰው ከተበተነ በኋላ ነበር የምደርስ። ባለቤቴ "ማን ምን አለህ?" ትለኛለች። እውነትም ማንም ምንም አላለኝም።

የዕድራችን ዳኛ አንድ ቀን ቤቴ መጡ። ስለ ሱቁ አንዲት ቃል አላነሱም። "የዕቃ ግምጃ ቤቱን የሚይዝ ሰው አጣን፣ አንተ ቆጠራ ትችላለህ" አሉኝ። ይሉኝታ ይዞኝ እሺ አልኩ። ሥራው ይህን ያህል ነው፦ ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ድስቱን፣ ሳህኑን ቆጥሮ ማስረከብ፣ ሲመለስ ቆጥሮ መረከብ። ሳህን ከጎደለ ማን ጋ እንደቀረ ተከታትሎ ማምጣት። ሰው ለሚያዝንበት ቀን የሚሆን ነገር በእጄ ነበር። ቀብር ሲኖር ሌሊት በሬን ያንኳኳሉ፤ ቁልፉን ይዤ እወጣለሁ። እዚያ ላይ "ይህ ሰውዬ ሱቅ አለው ወይስ የለውም?" የሚል የለም።

አሁን መሬት ተከራይቼ ሽንኩርት አለማለሁ። አንዳንዱ ዓመት ያዋጣል፣ አንዳንዱ ውሃና ዋጋው ይጥላል። ሲጥለኝም መንገድ አልቀይርም። ወሬ ብዙ አልችልም፣ ይኸው ነው የማውቀው።

የጣርማበር ልጅ

ጋሼ ሮቢት ቆላ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለአባቴ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማና ድገሚው አለኝ።

መርፌና ክር (ደብረ ብርሃን)

እኔ ደግሞ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። 23 ዓመቴ ነው። ሁላችሁም የጻፋችሁት ደስ ይላል፣ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ችግሩ ሁሉ እኛ ጭንቅላት ውስጥ እንዳለ ነው የምታወሩት።

የእኛ መስመር ተቆጣጣሪ "ደደብ" ሳትል አንድ ፈረቃ አያልቅም። ያውም በሁሉም ፊት። አንድ ኪስ ጠምሞ ከተሰፋ ልብሱን ወደ ላይ አንሥታ ለሁሉም ታሳያለች። መጀመሪያ ሰሞን ማታ ቤት ገብቼ ከጓደኞቼ ጋር እስቅበት ነበር። አሁን ቤት ስገባም ድምጿ ይከተለኛል። ወጥ ቢያርብኝ "ደደብ" የምለው እኔው ነኝ። ገጠር ቤት ስሄድ እናቴ "ምን ሆነሽ ነው አንገትሽን የደፋሽው?" አለችኝ። ተቀምጦ ማሰብ ይህን ያድነዋል?

ጠባሴ ሰፈር

መርፌና ክር፣ ልክ ነሽ። ይህን ስላነሳሽ አመሰግናለሁ።

ማርክ ሊሪ የሚባል ተመራማሪ ለራስ ያለን ግምት እንደ መኪና የነዳጅ መለኪያ ነው ይላል። የሚለካው በዙሪያችን ያሉ ሰዎች ምን ያህል እንደተቀበሉን ነው። መርፌው ሲወርድ መለኪያውን መምታት ጥቅም የለውም። ጠዋት ማታ በሚሰደቡበት ቦታ የሚውል ሰው ግምቱ ቢወርድ መለኪያው ሥራውን እየሠራ ነው። ስለዚህ ለአንቺ የምለው ከየጓሳዋ ይለያል። የሚያስተካክለው ከተገኘ ስድቡን ለበላይ ወይም ለሠራተኛ ተወካይ ማመልከት፣ ብቻሽን ሳይሆን ከሌሎቹ ጋር። መስመር መቀየር ከተቻለ መቀየር። ካልሆነም ሌላ ሥራ እየፈለጉ መቆየት። እስከዚያው ደግሞ ከፋብሪካው ውጭ በስምሽ የሚጠሩሽ ሰዎች ጋ ቶሎ ቶሎ መሄድ። አብረውሽ የሚስቁት ጓደኞችሽ ትልቅ ነገር ናቸው፣ አትራቂያቸው።

አንድ ነገር ብቻ በእጅሽ አለ። ወጥ ሲያር "ደደብ" የምትይው አንቺ ነሽ ብለሻል። እሱን እዚያው በሩ ላይ ማቆም ይቻላል። ክሪስቲን ኔፍ የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያጠናችው ይህንኑ ነው፤ ሲሳሳቱ ለራስ መራራት። አሠራሩ ቀላል ነው። ያው ነገር አብራሽ የምትኖረው ጓደኛሽ ላይ ቢደርስ ምን ትያታለሽ? "አይዞሽ፣ ደክሞሽ ነው፣ እንጀራ በበርበሬ እንበላለን" አይደል? ያንኑ ለራስሽ በይ። ድምፅሽን አውጥተሽ ቢሆን ይሻላል።

እናት ዓለም (እነዋሪ)

"እህትሽን አታዪም?" የሚለውን ሳነብ ልጆቼን አየሁ። ትላንትና ነው ትንሹን "ወንድምህ እኮ አንደኛ ወጣ" ያልኩት። ከዛሬ ጀምሮ ከእኔ አፍ አይወጣም። ሌላ የምለው የለኝም።

የጓሳዋ

ሁላችሁንም አነበብኩ። አንዳንዱን ደጋግሜ።

ጠባሴ ሰፈር፣ ጥያቄህን አሰብኩበት፣ እጽፈዋለሁም። የእኔ ሌሎች ሰዎች ፊት ላይ ነው የተንጠለጠለው። ሰው ሲያየኝ ፊቱን ነው የማነበው። ቅር ያለው ከመሰለኝ ቀኑ አለቀ ማለት ነው። ጥርሱን አሞት ፊቱን ያጨማደደ ሰው እንኳ በእኔ የተናደደ ይመስለኛል።

ሐሙስ ስብሰባ አለን። የቀረበው የወጪ ሪፖርት ላይ አንድ ክፍያ ያለቦታው ገብቷል። ምን ላድርግ?

ጠባሴ ሰፈር

ዛሬ ማታ ደብተር አውጪና ገጹን ለሦስት ክፈይው። የመጀመሪያው ላይ "ምን እፈራለሁ?"፣ ሁለተኛው ላይ "ለዚህ ምን ማስረጃ አለኝ?"፣ ሦስተኛው ላይ "በእውነት የሆነው ምንድን ነው?" ብለሽ ጻፊ። ሦስተኛውን ባዶ ተዪው፣ ከስብሰባው በኋላ ነው የሚሞላው። ይህ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ከደንበኞቻቸው ጋር የሚሠሩት ነው፤ አሮን ቤክ የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ከጀመረው ሕክምና የመጣ ነው፣ እዚህ ያቀረብኩት አጠር ተደርጎ ነው። ፍርሃቱን ማሸነፍ አይጠበቅብሽም። ፈተና ላይ እንዲቀመጥ ነው የምናደርገው።

መምህር እንዳሉት ደግሞ አንድ መስመር ብቻ። ሪፖርቱን ሁሉ አታርሚ። የምትናገሪያትን ዓረፍተ ነገር ቤት ሆነሽ ጻፊያት።

ጡረተኛው መምህር

ስትናገሪ "ልሳሳት እችላለሁ ግን" ብለሽ አትጀምሪ። ካልተሳሳትሽ ለምን ትያለሽ? ገጹን ጥሪና ቀጥ ብለሽ ግቢ።

የጓሳዋ

ስብሰባው አለፈ። ደብተሬን ልቅዳላችሁ፣ ቃል በቃል ነው።

ምን እፈራለሁ፦ ድምፄ ይንቀጠቀጣል። "ይቺ ደግሞ" ይሉኛል። ኃላፊው በሰው ፊት ስላረምኩት ይቀየመኛል።

ምን ማስረጃ አለኝ፦ ድምፄ መንቀጥቀጡ እውነት ነው፣ ከዚህ በፊት ተንቀጥቅጧል። "ይቺ ደግሞ" ያለኝ ሰው ግን አላስታውስም። ኃላፊው ባለፈው ዓመት ሌላ ሰው ሲያርመው አመስግኖ ነበር።

በእውነት የሆነው፦ ድምፄ ተንቀጠቀጠ። "ገጽ ሁለት ላይ ያለው የጥገና ክፍያ ከነዳጅ ጋር ተደምሯል" አልኩ። መጀመሪያ አልሰሙኝም፣ ኃላፊው "ድገሚው እስቲ" አለኝ። ደገምኩት። ሁሉም ወረቀቱን ገለጠ። "ልክ ናት" ተባለ፣ ወደ ሌላ አጀንዳ ተሄደ። በቃ። የተቀየመ ሰው ካለ እስካሁን አላየሁም።

ከሁሉ የከበደኝ ሲወጡ ነው። ኃላፊው "ጥሩ ነው ያየሽው" አለኝ። "ኧረ እኔ ምን" የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። "አመሰግናለሁ" ብዬ አቆምኩ። ፊቴ ጋለ። ግን አላስተባበልኩም።

ማመልከቻውንም በማግሥቱ አስገብቻለሁ። ብርዱን የለመደ፣ ያልከኝን አልረሳሁትም።

ብርዱን የለመደ

ተባረኪ! ፈተናው ከመድረሱ በፊት የሠራሻቸውን ነገሮች ዝርዝር ያዢ። ስንት ሒሳብ እንደዘጋሽ፣ ምን ስህተት እንዳገኘሽ፣ በቁጥር። ስለ ራስሽ ስትጠየቂ ማውራት ቢከብድሽ ስለ ሥራው ታወሪያለሽ።

ቀስተ ደመና

እኅቴ እንኳን ደስ አለሽ። መምህር፣ የጻፉልኝን ለብዙ ሰዓት ሳስበው ነበር፤ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የቀረኝ አንድ ሥጋት ነው። ልጆቼን "ጎበዝ ናችሁ" እያልኩ ባሳድግ ትዕቢተኛ አይሆኑብኝም?

ጠባሴ ሰፈር

ጥሩ ጥያቄ ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ ልጆችንና ወላጆችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ሁለቱን ለይቶ አይቷል። "ልጄ ከሌሎች ልጆች ይበልጣል፣ የተለየ ክብር ይገባዋል" ብለው የሚያምኑ ወላጆች ልጆች ወደ ትዕቢት አዘነበሉ። "አባቴ ይወደኛል፣ እናቴ ትወደኛለች" የሚሉት ልጆች ደግሞ ለራሳቸው ጤናማ ግምት ያዙ። ስለዚህ የሚያጣምመው ማበላለጡ ነው እንጂ ፍቅሩ አይደለም። "ከወንድምህ ትበልጣለህ" ከሚለው ይልቅ ትምህርት ቤት ምን እንደዋለ ጠይቀሽው እስኪጨርስ መስማት ይሻላል።

እናት ዓለም

ይህን ጽፌ ያዝኩት።

መርፌና ክር

እኔም ልመለስ። ከመስመራችን አንድ ላይ ሆነን ለሠራተኛ ተወካይዋ ነገርን። "አነጋግራታለሁ" ብላናለች፤ እስካሁን ለውጥ የለም። እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ሰው እንዳይስቅብኝ እንጂ። ስድቡን ብተወውም እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ምግብ አይበላልኝም። ዕረፍት ቀኔን ተኝቼ ነው የምውለው፣ የምወደው ነገር ሁሉ አስጠላኝ። ይህም ያው ለራስ ያለ ግምት ነው?

ጠባሴ ሰፈር

የሚስቅብሽ የለም። ይህ ሌላ ሊሆን ይችላል። እንቅልፍና ምግብ ከሁለት ሳምንት በላይ ከተዛባ፣ የሚወዱት ነገር ሁሉ ካስጠላ፣ ድብርት ሊሆን ስለሚችል በባለሙያ መታየት አለበት። ሕክምና አለው፣ ይድናልም። በአቅራቢያሽ ጤና ጣቢያ ሂጂና ልክ እዚህ እንደጻፍሽው ንገሪያቸው። ካስፈለገ ሆስፒታል ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ሪፈር ይጽፉልሻል። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዚያው ሰዓት ለቅርብ ሰው ነግረሽ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

መርፌና ክር

ራሴን መጉዳት አላሰብኩም። ብቻዬን ጤና ጣቢያ መግባት ግን ከበደኝ። ምን ብዬ ካርድ አወጣለሁ?

የጓሳዋ

"እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል" ብለሽ ነው የምታወጪው። ሌላውን ሐኪሙ ይጠይቅሻል። በዚህ ሳምንት ፈረቃሽ ጠዋት ነው ከሰዓት? በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ወስጄ አብሬሽ እሄዳለሁ።

መርፌና ክር

ከሰዓት ነው። ጻፍኩልሽ።